ዘጠኝ ሆሄ

አቶ ኑርዬ ደወለ፣ ከኮምቦልቻ፣ በማለዳ፤
«ደረቅ ፊደል ሰለቸኝ» አለ፣ «ቀበሌ ነው የሚመስለው።
የሚዘል ፊደል ፍጠሪልኝ፣ ሕፃን አይቶ የሚከተለው፤
ከረሜላ ነው የምሸጠው፣ ግብር አይደል የማስከፍለው።»

መፈክሩ አራት ቃል ናት፣ ራሱ ቁጭ ብሎ ያወጣት፦
‹ቀምሶ ማን ዝም ይላል?›
ሁለት መቶ ምናምኑን ፊደል፣ በዚህ ክፍያ ማን ይሥላል?
ስቆጥር ዘጠኝ ሆሄ ናት፤
ዘጠኙን ብቻ ሣልኩለት።

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣
መብራት ሲሄድ እየጠበቅሁ፣ ሲመጣ እየተሻማሁት፣
‹ቀ›ን በአንድ እግሯ አዘለልኳት፣ ሰኞ ማክሰኞ እንደምትጫወት፤
‹ሶ› አንድ እግሯን ሰብስባለች፣ ተራዋ ደርሶ ለመግባት፤
‹ማ› ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ፣ ‹ዝ› ትከሻዋን ሰብቃ፣
‹ል› ክንዷን ወገቧ ላይ አርጋ፣ እንደ ነገረኛ ጎረቤት፣
‹ይ› ጉትዬዋን አቁማ፣
የጥያቄ ምልክቷን ደግሞ እንደ ሎቲ አንጠልጥዬ
ላክሁት።
«አሁን ገና ጣፈጠ» አለ አቶ ኑርዬ።

ደሴ መናኸሪያ በር ላይ፣ ጦሳ ጉሙን ሳያነሣ
ባነሩ ሲሰቀል ጋሽ አስማረ እዚያው ነበር፤
ሚኒባሱ ባዶውን ቆሞ «የቀረው አንድ ሰው!» የሚለው፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ያ አንድ ሰው መጥቶለት የማያውቀው።
ቀና ብሎ ፊደሎቼን አየ፤ ሳቀ፣ ሳሉ እስኪነሣ፤
«እኔም ስሞት በዚች ጻፉኝ፣ ሰው እንዳያኮርፍ ሲያነበኝ!»
ሰልፉ ሁሉ አብሮት ሳቀ። እኔም ከሰልፉ ነበርኩኝ።

ነሐሴ ላይ ልጁ መጣች፣ እታፈራሁ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ።
በሩ ላይ ቆመች፤ ጃንጥላዋን አልዘጋችም።
«ርእሱ ብቻ ነው» አለች። «አንድ ቃል። ‹ቀብር› የምትለው።
ሌላው በለመዳችሁት ይሁን።
አባባ የቀለደ መስሏችሁ ነው፤ ቃል አስገብቶኛል።»

‹ቀ› አለችኝ።
‹ብ› የለችኝም። ‹ር›ም።

ሌሊቱን ሙሉ ‹ብ›ን ሣልኳት፤ ሳስቃት አፈርኩላት፣
ሳኮሳትራት ቀበሌ ሆነች።
‹ር›ን ባጎነብሳት አልቃሽ፣ ባቃናት ፖሊስ መሰለች።
ሊነጋ ሲል፣ ከሸዋበር አዛን ሲሰማ፣
‹ብ›ን የሚኒባስ በር አደረግኋት፣ ገርበብ ያለ፤
‹ር›ን እጅ፣ ከበሩ ወጥቶ የሚጣራ።
‹ቀ› ያችው ናት። በአንድ እግሯ። አልነካኋትም።

ከባነሩ ሥር ሰቀሉት።
ላይኛው፣ ቀምሶ ማን ዝም ይላል?
ታችኛው፣ ቀብር፤ መድኃኔዓለም፤ ስድስት ሰዓት።
አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በሻርፗ ያዘችው።
ረዳቶቹ የዚያን ዕለት «ኮምቦልቻ»ን በቀስታ ጠሩ፤
ሚኒባሶቹም ሳይሞሉ ወጡ፣ አንድ አንድ ወንበር ተርፏቸው።

በሰልስቱ ስልኬ ጮኸ፤ አቶ ኑርዬ ነው፣ ደስ ብሎታል፤
«ዋጋውን ጻፊበት፤ አምስት ቁጥርና ‹ብር› ብቻ።
ፊደሉ አለሽ አይደል?» ይላል።
ስክሪኑ ላይ ቃሉ እንዳለ ነው። ‹ቀ›ን በጣቴ ሸፈንኳት፤
የቀረው ብር ነው።

«የለኝም» አልኩት።
«ሁለት ሆሄ? ስንት ነው ታዲያ?»
ከዘጠኙ የሚበልጥ ጠራሁ። እሺ አለ፤
ከረሜላ እየመጠጠ እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል።

እናም ሌላ ‹ብ› ጀመርኩ፣ ጉንጯ የተነፋ፤
ሌላ ‹ር›፣ ምላሷን ያወጣች።
የፊተኞቹን አላጠፋሁም፤ ለፋይሉም ስም አላወጣሁም፤
በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤
የቀረው አንድ ሰው አልገባም።